በሰሜኑ መስመር ላይ የተነሱ ሦስት ፎቶዎች

ውድ ወንድሜ ሮይስ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ላቮን ባለፈው ደብዳቤዋ ሌሊት ከእንቅልፍ እንደሚያስነሳህ ጽፋልን ነበር። እማዬ ከዚያ ወዲህ ያንተን ወገብ ሳታነሳ የዋለችበት ቀን የለም፤ ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ ስትተኛም በጎንህ እንድትሆን በይልኝ ብላለች። ላቮንስ ደህና ናት? አቧራው ደረቷን ተወት አደረገላት? የትንሿ ቴስ ጥርስ በፖስታው ውስጥ በጥጥ ተጠቅልሎ በሰላም ደርሶናል። እማዬ በመርፌ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች። ሙቀቱስ በረደላችሁ? እዚያ ደግሞ ጥቅምትም እንደ ነሐሴ ነው ሲሉ እሰማለሁና በሐሳብ ከእናንተው ጋር ያልበኛል።

እኛ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ብርድ በመጣ ቁጥር ይነሳባታል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለባትም። ዘንድሮ ጥጡ ዘግይቷል፤ ዝናቡ ሳይፈለግ መጥቶ ግማሹን መሬት ላይ አነጠፈው። የኋላ በረንዳውን ጣሪያ እኔና ልጅህ ኪርቢ ጠግነነዋል፤ አሁን አያፈስም።

ሰላምታውን ከዚህም በላይ ባስረዝመው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ልነግርህ የሚገባ ነገር ስላለ አላረፍኩም። በስልክ እንዳልነግርህ መስመሩ እንዴት እንደሚቆራረጥ ታውቃለህ፤ ደግሞም በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ኪርቢ ከአሥር ቀን በፊት እንደጻፈልህ አውቃለሁ። ፖስታ ቤት ወስጄ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ምን እንደሚል አላነበብኩም፤ ግን አድራሻህን ሲጽፍ እስክሪብቶውን የተጫነበት አኳኋን ወረቀቱን ሊቀድደው ነበር። ስለ እኔ የጻፈው አብዛኛው እውነት ሳይሆን አይቀርም። ልጅህ ዘንድሮ ዳግመኛ ሜዳ እንዳይገባ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው በተራ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

የትምህርት ቤቱን የፉትቦል ሜዳ ታውቀዋለህ፤ ግን አንተ የምታውቀው ከውስጥ ነው። እኔ ለጋዜጣው ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት ስለሆነኝ፣ ከመስመሩ ውጭ ሆኜ እያንዳንዱን ጥግ በብርሃኑ ነው የማውቀው። በመካከሉ ያለው ብርሃን ደህና ነው። ወደ ደቡብ ሲሄድ ትንሽ ይደክማል። በሰሜን በኩል ግን ሁለቱ የመብራት ምሰሶዎች ካለፈው ዓመት የበረዶ ውሽንፍር ወዲህ ግማሽ አምፖላቸው ተቃጥሎ ማንም አልቀየራቸውም። ልጆቹ ወደዚያኛው መስመር ሲጠጉ ከመቀመጫው ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚታየው ነጩ ሱሪያቸውና ሄልሜታቸው ብቻ ነው።

ፍላሽ አልጠቀምም። ፍላሽ ከአሥር እርምጃ አያልፍም፣ የልጆቹን ዓይን የድመት ዓይን ያስመስለዋል፤ ደግሞም ኳስ ሊቀልብ ያንጋጠጠ ልጅ ፊት ላይ መብረቅ መልቀቅ ነውር ነው። ስለዚህ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቼ በዚያችው ባለችው ብርሃን እሠራለሁ። የካሜራውን መዝጊያ ካዘገየሁት ልጆቹ ጭስ ይሆናሉ፤ ካፈጠንኩት ፊልሙ ላይ ጥቁር ብቻ ይቀራል። ያለኝ መፍትሔ ልጆቹ ራሳቸው የሚቆሙባትን ቅጽበት መጠበቅ ነው። የዘለለ ልጅ ወደ ላይ ወጥቶ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ይቆማል። የሚሮጥም ልጅ አቅጣጫ ሊቀይር ሲል እግሩን ይተክላል። ያኔ እጫነዋለሁ። ፊልሙን ሳጥበው ደግሞ መድኃኒቱ ውስጥ ከሚገባው ጊዜ በላይ አቆየዋለሁ። ያኔ ጨለማው ትንሽ ይገለጣል፤ በምትኩ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። አዘጋጁ አቶ ፕሩይት «አንባቢዎቻችን አሸዋ ለምደዋል» ብለው ያትሙታል።

አርብ ጥቅምት 12 ከፌርሌይ ልጆች ጋር ነበር የገጠምነው። ከአራቱ የጨዋታ ሩቦች ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል ኪርቢ ኳሷን በቀኝ ክንዱ ሸጉጦ ወደ ሰሜኑ መስመር ገሠገሠ። ያ ልጅ ሲሮጥ አንተን ነው የሚመስለው፤ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ነው የሚሮጠው። ከእኔ ስምንት እርምጃ ያህል ሲቀረው አንዱ ከጎን፣ ሌላው ከፊት መጡበት። ድምፁን ሰምቻለሁ። ኳሷ ከእጁ አምልጣ ወደ መካከል ተንከባለለች፤ ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ፣ መቀመጫው ላይ ያለውም ሕዝብ ሁሉ ኳሷን ተከተለ። የእኔ ካሜራ ግን እሱ ላይ ስለነበረ እሱ ላይ ቀረ። ሦስት ጊዜ ተጫንኩ።

እዚህ ላይ ልናዘዝልህ የሚገባ አለ። ሲወድቅ አይቼዋለሁ። በካሜራ ውስጥ የሚያይ ሰው ደግሞ ያየውን ሁሉ የሚያየው ፎቶ ይወጣዋል አይወጣውም እያለ ነው። ያን ጊዜ በልቤ የነበረው «ምነው ትንሽ ብርሃን በኖረ» የሚል ነው። ልጁን ለማንሳት አንድ እርምጃ አልሄድኩም።

ከዚያ ተነሣ። ጓደኞቹ ኳሷን መልሰው ስለያዙ ሕዝቡ እየጮኸ ነበር። ኪርቢ ሄዶ ለቀጣዩ ጨዋታ ተሰብስበው በሚማከሩት በፌርሌይ ልጆች ክብ ውስጥ ቆመ። አንዱ ከመቀመጫው «ኪርቢ፣ እዚያ ምን ትሠራለህ? የነሱ ምሳ ይሻላል እንዴ?» አለው፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከእኛ ልጆች አንዱ እጁን ይዞ ወደ እኛ መለሰው። በአራተኛው ሩብ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ በግራ በኩል ሠላሳ ያርድ ሮጦ ያሸነፍንበትን ነጥብ ያገባው እሱ ነው። ትከሻ ላይ አድርገው ተሸከሙት። ይህንን እስካሁን ሰው ሁሉ ጽፎልህ ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ እማዬን «ትናንት ያሸነፍናቸው እነማንን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ፌርሌይን አለችው። እንቁላሉን በልቶ ሲጨርስ እንደገና ጠየቃት። እየቀለደባት መስሏት በማንኪያ እጁን መታችው። እኔ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ልሄድ ቁልፍ እየፈለግሁ ስለነበር ሰማሁት እንጂ አላዳመጥኩትም።

ጨለማ ክፍል ገብቼ ፊልሙን አጥቤ ስሰቅለው የሰሜኑ መስመር ፎቶዎች እንደ መስኮት መስታወት የሳሱ ነበሩ። እንደ ሌላው ጊዜ ቢሆን አልፌያቸው የማሸነፊያውን ብቻ አትም ነበር። ኪርቢ ስለሆነ ግን እስቲ ልያት ብዬ የመጀመሪያዋን በወፍራሙ ወረቀት ላይ ብርሃኑን ለክቼ አተምኳትና መድኃኒቱ ውስጥ ከተትኳት። መጀመሪያ ነጩ ሱሪ ወጣ። ቀጥሎ ሄልሜቱ። ከዚያ ሁለት ክንዶች ወጡ፤ ወደ ሰማይ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ጣቶቻቸው የታጠፉ። በጀርባው ተጋድሟል፣ ማንም አልነካውም፣ የሚይዘው ነገርም የለም፣ ግን ክንዶቹ እንደ ደረቀ እንጨት ቆመዋል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ የሚያየው ነገር ግን የለም። ሁለተኛዋንም አተምኩ፤ ያው ነው። በሦስተኛዋ አንዱ ክንድ ወርዷል፣ ሌላው እንደቆመ ነው።

ሮይስ፣ ያንን ክንድ አውቀዋለሁ። አባዬ ከነዳጁ ጉድጓድ ማማ ላይ የወደቀ ቀን አንተ ከተማ ነበርክ። ምሳውን ይዤለት ሄጄ ያየሁት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። መሬት ላይ ተዘርሮ ክንዶቹ እንዲሁ ወደ ላይ ቆመው ነበር። ሊያቅፈኝ የዘረጋቸው መስሎኝ ሄጄ በመካከላቸው ገባሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተም ታውቃለህ። ስድስት ዓመት በሕይወት ቆይቶ የአንተን ስም በእኔ፣ የእኔን በእማዬ እየለወጠ ሲጠራን ኖረ።

ፎቶዎቹ ሲደርቁ በፖስታ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። የማሸነፊያውን ለአቶ ፕሩይት ሰጥቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። እስከ ማታ ለማንም አልተናገርኩም። ምክንያቱን ታውቀዋለህ። በሚቀጥለው አርብ ከሎርን ጋር በምንጫወትበት ቀን ከኮሌጅ ተጫዋች የሚመለምለው ሰውዬ ኪርቢን ሊያይ ይመጣ ነበር። እናንተ ወደዚያ ስትዛወሩ አንተም ልጁ ከእኛ ጋር እንዲቀርና የመጨረሻ ዓመቱን እዚህ እንዲጨርስ የፈቀድከው ለዚያው ነበር። በላክኸው ደብዳቤ ሁሉ የምትጠይቀኝ እሱኑ ነበር። እኔም ምናልባት ብርሃኑ ነው አሳስቶኝ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ማታ ላይ ኪርቢ ጓሮ ከፒክአፑ ሥር ገብቶ ዘይት ሲቀይር አገኘሁትና ጎንበስ ብዬ «ትናንት እረፍት ሰዓት ላይ ውጤቱ ስንት ነበር?» አልኩት።

«ምን አስጠየቀሽ?» አለኝ ሳይወጣ።

«ለጋዜጣው ነው።»

«መሪዎቹ እኛ ነበርን» አለ።

መሪዎቹ እነሱ ነበሩ። ፎቶዎቹን ከሥር አሳለፍኩለት። ከዚያ እየተንፏቀቀ ወጣና «አክስቴ፣ ጨለማ ነበር። ጨለማ ውስጥ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚታየው» አለኝ። ራስህን ያምሃል ወይ አልኩት። «ትንሽ፤ ሁሉንም ያማቸዋል» አለ። ለአሰልጣኙ ልነግር ነው ስለው ፊቱ ተለወጠ። «አንቺን ለጋዜጣው ፎቶ አንሺ ነው ያሉሽ፤ ለፖሊስ አላሉሽም። ሰውዬው የሚመጣው አንዴ ነው። አንዴ ብቻ። ከፈለግሽ ከዚያ በኋላ ለፈለግሽው ሰው ንገሪ» አለኝ። ለምኖኛል ሮይስ። ያ ልጅ ምንም ነገር ለምኖኝ አያውቅም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አሰልጣኙን፣ ያንተኑ የሜዳ ጓደኛ ጌሎን ደንን፣ መኪናው አጠገብ ያዝኩት። ፎቶዎቹን ለፀሐይ ገልብጦ እያየ «ይቺማ ዱቄት የተደፋባት ትመስላለች» አለ። እንዲያ ነው ሲታይ አልኩት። «ማክሲን፣ እኛስ ስንቴ ተመትተናል? አንዴ ወንድምሽ እዚያው ሜዳ ላይ ወድቆ ሲነቃ ‹በቅሎዬን የወሰዳት ማነው› ብሎኛል። እኔን እዪኝ እስቲ፣ ምን ሆንኩ?»

«እሱን ነው የምልህ» አልኩት።

ሳቀ፤ ቀልድ እንደሚችል ታውቃለህ። ከዚያ ግን ፎቶዎቹን እንደገና ተራ በተራ አያቸው። «እኔ ከማላየው ነገር ተነስቼ ልጁን ከጨዋታ ውጭ ማስቀመጥ አልችልም። ከተማው ይበላኛል። ዶክተር ፌረል አይጫወትም ካሉ ግን አንድ ቃል አልናገርም» አለኝ። ይህን ቃሉን ጠብቋል፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ምንም እንዳትይዝበት።

ሰኞ ዶክተር ፌረል ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው በየጨዋታው ከተጠባባቂዎቹ ጋር እንደሚቀመጡ ታውቃለህ። አርብ ማታም ኪርቢን ሁለት ጣት አሳይተው ስንት ነው ብለውት ነበር፤ ሁለት ብሎ ወደ ሜዳ ተመለሰ። ሦስቱን ፎቶዎች ጠረጴዛቸው ላይ በተራ ደረደርኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው እስኪነኳቸው ድረስ ተጠጉ።

«በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል ምን ያህል ጊዜ አለፈ?» አሉኝ።

እንጃ አልኳቸው።

«ካሜራሽን ይዘሻል?»

ካሜራዬ ከቦርሳዬ አይለይም። ባዶውን አውጥቼ፣ እንደዚያ ማታ አድርጌ ተጫንኩ፣ በአውራ ጣቴ ፊልም እንደሚስብ አድርጌ ሳብኩ፣ ተጫንኩ፣ ሳብኩ፣ ተጫንኩ። እሳቸው የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በመጨረሻ «አራት ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረው» አሉ። «አራት ሰከንድ ይህ ልጅ እዚህ አልነበረም።»

ከዚያም ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው «ሃያ እርምጃ ላይ ነበርኩ፤ የማየው ግን ብርሃን ያለበትን ነበር» አሉ።

ኪርቢን ከትምህርት ቤት አስጠሩት። በአንድ እግርህ ቆመህ ዓይንህን ጨፍን አሉት፤ ወዲያው ዘሞ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ያዘ። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ውረድ አሉት፤ ዘጠና ሦስት አለ፣ ሰማንያ ስድስት አለ፣ ከዚያ ቆመ። በሒሳብ የክፍሉ ሁለተኛ መሆኑን ታውቃለህ። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ከዚያ ለአዛውንት የማይባል ቃል ተናገረ። ዶክተሩ አልተቆጡም። «ስማኝ ልጄ፣ ጭንቅላትህ ውስጥ ያለው ቁስል ሳይሽር ሁለተኛ ብትመታ እኔ አላድንህም። የትኛውም ትልቅ ሆስፒታል ብትሄድ የሚያድንህ የለም። እስከ ገና ድረስ ሩጫ የለም፣ ልምምድ የለም፣ ኳስም የለም» አሉት።

በመኪና ስንመለስ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። «ደስ አለሽ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ትናንት ድረስ ከእኔ ጋር አልተነጋገረም። ምግብ ሲፈልግ በእማዬ በኩል ያስነግር ነበር፤ «አክስቴን ጨዉን አቀብይኝ በያት» ይል ነበር፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ።

ከተማው ነገሩን ከማግስቱ ጀምሮ ያውቀው ነበር። ካፌ ስገባ ወሬው ይቆማል። ነዳጅ ማደያው ያለው ሰውዬ የመኪናዬን መስታወት መጥረግ ተወ። ከሎርን ጋር በተጫወትንበት ማታ ካሜራዬን ይዤ በመስመሩ ሳልፍ አንዱ «ማክሲን፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስወጪልን ነው?» አለ፤ ሌላው «ተዋት፣ ከሎርን በኩል ተከፍሏት ይሆናል» አለው። ሌንሴን ከፍቼ ሥራዬን ሠራሁ። ሃያ ለሰባት ተሸነፍን። የኮሌጁ ሰውዬ በእረፍት ሰዓት ባርኔጣውን አንስቶ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ኪርቢ ማሊያውን በጂንስ ሱሪ ላይ ለብሶ ከተጠባባቂዎቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። ሰውዬውን እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ሸኘው። ካሜራዬን ወደ እሱ አላዞርኩም፤ ያቺ ፎቶ ከዚያች ማታ ፎቶዎች ሁሉ የምትሻለው እንደነበረች ባውቅም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጌሎን ወደ ቢሮ መጣና ሦስቱን ፎቶዎች አትሚልኝ አለኝ። ለልጆቹ ልታሳያቸው ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ለራሴ ነው» አለኝ። «ስንቱን ልጅ ‹ተነስ፣ ምንም አልሆንክም› እንዳልኩት እየቆጠርኩ ነው የማድረው።» አትሜ ሰጠሁት፤ በጃኬቱ ውስጥ አድርጎ ሄደ።

አሁን ደግሞ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍልህ ያደረገኝን ልንገርህ። ትናንት ቅዳሜ ጠዋት ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኜ በር ተንኳኳ። ፊልም እያጠብሽ ከሆነ እጠብቃለሁ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ኪርቢ ነበር። እስክጨርስ ድረስ ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ስከፍትለት ገብቶ ማጠቢያው ላይ ተደግፎ «የፌርሌዩ ጨዋታ ፊልም ሙሉውን አለሽ ወይ?» አለኝ። አለኝ አልኩት። «ከሦስተኛው ሩብ በኋላ ያለውን አሳዪኝ።»

ሁሉንም በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በትንንሹ አትሜው ስለነበር መብራቱ ሥር ዘረጋሁለትና ማጉያ መነጽሩን ሰጠሁት። ከማሸነፊያዋ ፎቶ ላይ ደርሶ ቆመ። ጋዜጣው ላይ እኮ በትልቁ ወጥታለች፤ ከፀጉር ቤቱ እስከ ባንኩ ያልተለጠፈችበት መስኮት የለም። ረጅም ጊዜ ካያት በኋላ «አክስቴ፣ ይህን አላስታውሰውም» አለኝ።

የቱን አልኩት።

«ምኑንም። የመታኝን ልጅ አላስታውስም። ይሄን ሩጫም አላስታውስም። ሰው መንገድ ላይ እያቆመኝ እጄን ይጨብጠኛል፤ አመሰግናለሁ እላለሁ። ምን እንዳደረግሁ የማውቀው ከሰው ሰምቼ ነው። የማስታውሰው እረፍት ላይ ብርቱካን ስንበላ ነው፤ ከዚያ አልጋዬ ላይ ነኝ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ብቻውን ይዞት ኖሯል። ለሐኪሙም አልነገረም፤ ለጓደኞቹም አልነገረም። ያንን ሁሉ ቁጣ የተቆጣው ደግሞ እውነት እንደሆነ ስላወቀ ነው። አባዬን አላየውም፣ አባዬ ሲሞት አልተወለደም፤ ግን ስለ አባዬ እማዬ ስታወራ ሲሰማ አድጓል፤ ያንን ነበር የሚፈራው።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና የአራተኛውን ሩብ ጨዋታ በጣቴ እያሳየሁ ከፎቶ ወደ ፎቶ ነገርኩት። እዚህ ጋ የፌርሌይን ትልቁን ልጅ ገፍተህ ጣልከው። እዚህ ኳሷ ቀድማህ ሄደች፤ የመጣችውም ከፍ ብላ ስለነበር ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። እዚህ ጌሎን ሲጮህብህ ነው፤ ምን እንዳለህ አልሰማሁም፣ አፉን ግን ተመልከት። እዚህ ውሃ ስትጠጣ ነው። እዚህ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ወደ ቀኝ የምትሄድ መስለህ እግርህን ተከልክ፣ እኔም የተጫንኩት ያኔ ነው፤ ከዚያ በግራ ወጣህ። እሱ እንደ ትንሽ ልጅ «ከዚያስ?» ይለኛል፤ እኔ እነግረዋለሁ። አንድ ሰዓት ሳይሆነን አልቀረም።

ሲያልቅ ማጉያውን አስቀምጦ «ጥሩ ሩጫ ነበር» አለ፤ ስለ ሌላ ልጅ እንደሚናገር ሰው።

«ጥሩ ሩጫ ነበር» አልኩት። «የተሻለ አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ ሦስቱን ፎቶዎች ራሱ ጠየቀኝ። አያቸው፤ አልፈራም። «ስትጫኚ እያየሽኝ ነበር?» አለኝ። አልዋሸሁትም። እያየሁህ ነበር፣ ግን ፎቶ ነበር የማየው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና «ባታነሺው ማንም አያውቅም ነበር» አለ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅሁበትም። ሰኞ ግን ሳይጠራ ራሱ ዶክተር ፌረል ዘንድ ሄዶ የማያስታውሰውን ሁሉ ሊነግራቸው ቃል ገብቶልኛል፤ አብሬው እሄዳለሁ። ራስ ምታቱ በየቀኑ የነበረው አሁን በሦስት ቀን አንዴ ሆኗል። ትናንት በአንድ እግሩ ዓይኑን ጨፍኖ አሥራ አምስት እስኪቆጠር ድረስ ቆሟል፤ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ ቆጠርኩለት።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ስለ ኮሌጁ ሰውዬ ምንም አትጻፍለት። በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል አትበለው፤ ሌላ ኮሌጅም አትፈልግለት። ያን ቀን ሜዳ ላይ በቅሎህን የፈለግህበትን ታሪክ ግን ራስህ ጻፍለት፤ ከጌሎን ሰምቶ ከሚስቅበት ካንተ ይስማው፤ ያኔ ፈርተህም ከነበረ አትደብቀው። እኔን መቆጣት ከፈለግህ ለእኔ በሌላ ወረቀት ጻፍልኝ፤ እቀበለዋለሁ። ሦስቱን ፎቶዎች በዚህ ፖስታ ውስጥ አላደረግኋቸውም። በወረቀት ላይ በድንገት ማየት የለብህም፤ ለገና ስትመጣ አብረን እናያቸዋለን።

ለላቮን ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ እናት ናትና መጀመሪያ የምትቆጣኝ እሷ እንደምትሆን አውቃለሁ፣ ትቆጣ፤ ግን ልጇ ቁርሱን ጨርሶ እንደሚሄድና ማታ መብራቱን ቀድሞ እንደሚያጠፋ ንገራት። ቴስን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ፤ ሁለተኛው ጥርስ ሲወልቅም የመርፌ ሳጥኑ ቦታ አለው በላት። ዶክተር ፌረልና ጌሎን ሰላም ብለውሃል። አቶ ፕሩይት ጋዜጣው በየሳምንቱ እንዲደርስህ አድራሻህን አስተካክለዋል። ኪርቢ ሰላምታውን ራሱ ይጽፋል ብዬ ትቼለታለሁ። እማዬ ይህን ስጽፍ ከፊቴ ተቀምጣ አተር ከቅርፊቱ እየፈለፈለች ነው። ጆሮዋ ከነሐሴ ወዲህ ይበልጥ እየደከመ ሄዷል፤ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍተን እንኳ ምን አሉ ትላለች። አሁን ክንዴን ይዛ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለችኝ፦ «ልጁ ዛሬ ጠዋት ጓሮ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ።»

እህትህ ማክሲን

መርሰር ዌልስ፣ ቴክሳስ
እሑድ ጥቅምት 28 ቀን 1984